ቁጭ ይበሉ፣ እኛ አለንልዎት

በቋንቋችን ውስጥ በር የሚዘጉ አነጋገሮች ብዙ ናቸው። «ምን ይደረግ» አንዱ ነው፤ «የሆነው ሆነ» ሌላው ነው። «እርጅና ነው» የሚለውን ያህል በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ግን አላየሁም። አባት ከስተው ሱሪያቸው ከወገባቸው አልቆም ሲል «እርጅና ነው» ይባላል። እናት ከማዕድ ሁለት ጉርሻ ወስደው «በቃኝ» ሲሉም «እርጅና ነው» ይባላል። አያት ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸውም ያው ነው። አነጋገሩ መልስ ይመስላል እንጂ መልስ አይደለም፤ ጥያቄው እንዳይጠየቅ ማድረጊያ ነው። የሠላሳ ዓመት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሳያስበው አምስት ኪሎ ቢቀንስ ቤተ ዘመድ ተሯሩጦ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። የሰባ አምስት ዓመት ሰው ያንኑ አምስት ኪሎ ሲያጣ ግን ልብሱ ይጠብለትና ነገሩ በዚያው ያበቃል።

በዚህ ነገር ላይ እንዳስብ ያደረገችኝ እናቴ ናት። ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ነው። ጉለሌ ውስጥ አምስት ልጆች ባሳደገችበት ቤት ትኖራለች። እኔ ሳውቃት ቁጭ ብላ አታውቅም ነበር። ጎመኑን የምትኮተኩተው እሷ፣ ቡናውን የምትቆላው እሷ፣ ምስሩን የምትለቅመው እሷ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰው እሷ። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ብርቱ ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት ተኛች። ጉንፋኑ ለቀቃት፤ አልጋው ግን አልለቀቃትም። ስትነሳ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

እኔ ያን ጊዜ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ታላላቆቼ ተሰብስበው ተመካከሩና የደረሱበትን ውሳኔ በስልክ ነገሩኝ፤ እማዬ ከእንግዲህ ምንም አትሠራም። ሠራተኛ ተቀጠረላት። ቡና መቁላቱም፣ ምስር መልቀሙም፣ ጓሮ መውረዱም ተከለከለ። ምግቧ በትሪ ሆኖ ከመኝታ ክፍሏ ድረስ ይገባላታል። ብድግ ልበል ባለች ቁጥር ሁሉም በአንድ አፍ «ቁጭ በይ እማዬ፣ እኛ አለንልሽ» ይላታል። ጎረቤቱም መረቀ፤ «እሰይ፣ የወለደ እንዲህ ይጦራል» ተባለ። እሷም በወንበሯ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ በስድስት ወር ውስጥ ከአምሳ ሁለት ኪሎ ወደ አርባ ስድስት ወረደች።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ አንድ ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን። ተረኛው ሐኪም የደም ግፊቷን ለካ፣ ደረቷን አዳመጠና «ደኅና ናቸው፤ እርጅና ነው» አለን። ሚዛን ላይ አላቆማትም። ስትራመድም አላያትም። እናቴ በዊልቸር ገብታ በዊልቸር ወጣች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ ሳይቆጥር ለሚያምን ሰው ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትም ከጠበቅሁት የተለየ ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ ነገሩ ስም ያገኘው በእኛ ዘመን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አልቡከርኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ተነሥተው በዕድሜ የሚመጣውን ያህል በግልጽ የሚታይ የሰውነት ለውጥ የለም፣ ይኸውም የጡንቻ ማለቅ ነው፣ ይሁን እንጂ ስም እንኳ የለውም አሉ። ከዚያም ከግሪክ ቋንቋ ሁለት ቃላት ገጥመው «ሳርኮፔኒያ» አሉት። «ሳርክስ» ሥጋ ነው፤ «ፔኒያ» ድህነት። የሥጋ ድህነት መሆኑ ነው። ድህነትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቃል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድህነት ደግሞ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ገቢው ከወጪው ሲያንስ የሚመጣ ነገር ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ 5,317 ሰዎችን ይዘው «አቅመ ደካማ የሚባለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አምስት ምልክቶችን አስቀመጡ። አንደኛው ሳይፈለግ የመጣ ክሳት ሲሆን በዓመት ውስጥ አራት ኪሎ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው የእጅ ጭብጥ መላላት፣ ሦስተኛው አዘውትሮ መዛል፣ አራተኛው የእርምጃ መዝገም፣ አምስተኛው የእንቅስቃሴ ማነስ ነው። ሦስቱና ከዚያ በላይ ያሉበት ሰው አቅመ ደካማ ተባለ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ያሉበት በመንገድ ላይ ያለ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አቅመ ደካማ ሆነው የተገኙት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛ አገር በስብሰባውም፣ በዜናውም፣ በልመናውም «አረጋውያንና አቅመ ደካሞች» የሚለውን ሐረግ እንደ መንታ ልጆች ሳንነጣጥል ነው የምንጠራው። ጥናቱ ግን መንትዮቹን ለያያቸው። ማርጀት አንድ ነገር ነው፤ አቅም ማጣት ሌላ ነገር ነው። አንዱ የሌላው ጎረቤት እንጂ ጥላ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቦስተኑ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮን የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉ አሥር ሰዎችን መረጠች። አማካይ ዕድሜያቸው 90 ነው። አቅማቸው የደከመ፣ አንዳንዶቹም በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የታዘዘላቸው ዕረፍት አይደለም፤ ክብደት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት፣ ተቀምጠው በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ያውም የማይረባ ክብደት አይደለም፤ ማንሳት ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ነው። በስምንት ሳምንት ውስጥ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። ሥራው ለአራት ሳምንት ሲቋረጥ ደግሞ ካገኙት ከፍተኛ ጉልበት 32 በመቶውን አጡ። ጡንቻ በዘጠና ዓመቱም ተማሪ ነው ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን ይረሳል።

ይህችው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1994 ሙከራውን አሰፋችው። አሁን የተሳተፉት መቶ ሰዎች ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነው፤ ጊዜው አሥር ሳምንት። በአራት ተከፈሉ፦ ክብደት የሚያነሱ፣ ገንቢ መጠጥ የሚሰጣቸው፣ ሁለቱንም የሚያገኙ፣ ሁለቱንም የማያገኙ። ክብደት ያነሱት ጉልበታቸው በ113 በመቶ ጨመረ፤ ያላነሱት በ3 በመቶ ብቻ። ገንቢውን መጠጥ ብቻ ያገኙትስ? ጉልበታቸው አልተሻሻለም። የሰውነታቸው ጠቅላላ ቀለብ እንኳ ከፍ ያለው ሥራም ምግብም በአንድነት ላገኙት ብቻ ነው። ነገሩን በአማርኛ ስመልሰው፣ ጡንቻ ሥራ ካልታዘዘ ቀለብ አይቀበልም።

የእናቴም ሁለት ሳምንት የት እንደ ገባ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ላይ ጤነኛ የሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ሰዎች ለአሥር ቀን ያህል ብቻ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ነበር። ሕመም የለባቸውም፤ መተኛት ብቻ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። እንግዲህ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላትን፣ ትኩሳት ያለባትንና ምግብ የዘጋትን ሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚያደርጋት አስቡት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስድስት ወር «ቁጭ በይ» ሲታከልበት!

ይህን ሁሉ ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ይህችኛዋ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። እናቴን በመጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆመቻት። ከዚያ «እማማ፣ ጣቴን ጨብጠው ይያዙኝ እስቲ» አለቻት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ አራት ሜትር ለክታ በእጅ ሰዓቷ ያዘችላት። አራት ሜትር በተለመደ እርምጃ ለመሄድ ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሰው ነው። እናቴ ስምንት ሰከንድ ፈጀባት። ደምም ተመረመረ። ሐኪሟ መነጽሯን አወረደችና «እርጅናማ አለ፤ ሰባ ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም። ይኼ ግን እርጅና አይደለም፤ ረሃብና ሥራ ፈትነት ነው» አለችን።

ታላቅ እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ረሃብ» የሚለው ቃል እናቱን በሚጦር ቤት ላይ የሚነገር ቃል አይደለምና። ቤት ገብተን ግን በደብተር አሰፈርነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ። ምሳ ግማሽ እንጀራ በሁለት ጭልፋ ሽሮ። ማታ አንድ ኩባያ አጥሚት። ሆዷ ሞልቷል፤ ትሪው ተመልሷል፤ ማንም አልራባትም ይላል። ስደምረው ግን በቀን ያገኘችው ፕሮቲን ቢበዛ 25 ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሙያው ሰዎች ተሰብስበው ያወጡት ምክር ዕድሜው የገፋ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይላል። አርባ ስድስት ኪሎ ለምትመዝነው እናቴ ከ46 እስከ 55 ግራም መሆኑ ነው። ግማሽ ደመወዝ እንደሚከፈለው ሠራተኛ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሽማግሌ ትንሽ ቢበላ ይበቃዋል ይላል። እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። ጉልበት ሰጪው ምግብ ሊቀንስ ይችላል፤ ገንቢው ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ያረጀ ጡንቻ ከአንድ እንቁላል የሚያገኘው ጥቅም ወጣቱ ጡንቻ ከሚያገኘው ያነሰ ነውና። አጥሚትና ሻይ በዳቦ ለስላሳ ስለሆኑ ለጥርስ ይመቻሉ፤ ሆድም ይሞላሉ፤ ጡንቻ ግን አይሠሩም። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት፤ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ምስር ከአሥራ አምስት በላይ። የጤፍና የጥራጥሬ ጋብቻ ደግሞ የአባቶቻችን ጥበብ ነው። በጤፉ ውስጥ የጎደለውን ምስሩና ሽምብራው ይሞሉታል። ጉዳቱ የሚመጣው ሽሮው ከመቅጠኑና ጭልፋው ከማነሱ ነው። (ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፕሮቲን አይጨምር።)

ጾም ሲመጣ ነገሩ ከበድ ይላል። እናቴ ሰባቱንም አጽዋማት ትጾማለች፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትቆይና ከዚያ በአንድ ማዕድ ትበላለች፤ አንድ ማዕድ ደግሞ ለደከመ ሰው ሆድ ብዙ አይሸከምም። በደም ምርመራውም ቫይታሚን ቢ12 አንሶ ተገኘ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጨጓራ ከምግብ ውስጥ አላቆ የማውጣት ችሎታው ይቀንሳል። ሲያንስ ደም ያሳንሳል፤ እግር ያደነዝዛል፤ ማስታወስም ያዳክማል። እሱንም «እርጅና ነው» ብለን እንሸኘዋለን።

«እማዬ፣ ጾሙን ተዪው» የሚላት ልጅ አልተገኘም፤ እኔም አላልኩም። ጾሟን ማስጣል ምግብ መስጠት ሳይሆን ራሷን መንጠቅ ነው። የነፍስ አባቷ ቤት መጥተው ነገሩን ሰሙና «ልጄ፣ ጾም ጉልበት ላለው ነው፤ የታመመ አይገደድም» አሏት። እሷ ደግሞ ሽማግሌ ሆና ድርድር ታውቃለች። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማችው በግማሹ ነው። የፍስክ ምግብ አትቀምስም፤ ሰዓቱን ግን ትተዋለች። ጠዋት የሱፍ ፍትፍት፣ ቀን ወፈር ያለ የምስር ወጥ፣ ማታ በስልጆ ወይም በሽምብራ አሣ ትበላለች። ቢ12ቱን ሐኪሟ ባዘዘችላት መሠረት በመድኃኒት ትወስዳለች። በፍስክ ቀን ደግሞ ጠዋት ሁለት እንቁላል የማይታለፍ ሕግ ሆነ።

ትሪውም ከመኝታ ክፍሏ ወጣ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ለንፉግ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለካ ለሽማግሌም ይሆናል። ሰው ከሰው ጋር ሲቀመጥ የበለጠ እንደሚበላ በጥናትም የታወቀ ነው። አሁን ከእኛ ጋር በመሶቡ ዙሪያ ትቀመጣለች። ጉርሻ ስትሰጥ ትውላለች፤ ስትሰጥም ትቀበላለች።

የቀረው ሥራው ነበር። ከባዱም እሱ ሆነ። ሐኪሟ የሰጠችን ትእዛዝ እጅግ ቀላል ነው፤ ከጠንካራ ወንበር ላይ መነሳትና መቀመጥ። ሌላ መሣሪያ የለም። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ተደግፋ ሦስት ጊዜ ተነሳችና «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ወታደር ልታሰለጥነኝ ነው?» አለችኝ። ቆጣሪዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ በቁጥር ላይ ምሕረት የላትም። በሁለተኛው ወር እማዬ ሳትደገፍ ስምንት ደረሰች። ምስሩ ተመለሰላት፤ ከዚያ ቡናው፤ ከዚያ ጎመኑ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰፈሩ የተነሳብን። «አሮጊቷን ቡና ያስቆሏታል» ተባለ። «ሠራተኛ እያለች ጓሮ ያስወርዷታል፤ ምን ዓይነት ልጆች ናቸው?» ተባለ። ታላቅ ወንድሜ በዕድር ስብሰባ ላይ ይህን ሰምቶ ተቆጥቶ ገባና «ስማችን ጠፋ፤ ይቅርባት!» አለ። ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ነገሩን የቆረጠችው ራሷ እናቴ ናት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ስትጦሩኝ እጄን አሰራችሁት። አሁን ተፈትቷል። የሰው አፍ የሚዘጋው እኔ ስወድቅ ከሆነ፣ ክፍት ይሁን» አለች።

ወንድሜን አልፈርድበትም። ከአባቶቻችን የወረስነው አክብሮት የተሠራው ሽማግሌ ዕድሜውን በሙሉ እርሻና ወፍጮ ላይ ሲለፋ በኖረበት ዘመን ነው። ለዚያ ሰው «ቁጭ በሉ» ማለት እውነተኛ ስጦታ ነበር። ዛሬ በከተማ ቤት፣ በሶፋና በቴሌቪዥን መካከል ያው ቃል ሌላ ሆኗል። ያም ሆኖ በባህላችን ውስጥ ፍቱኑ መድኃኒት ጠፍቶ አያውቅም። በሕማማት ሳምንት የምትሰግድ አሮጊት ስንት ጊዜ ወርዳ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ቁጠሩ። በቀን አምስት ጊዜ ሶላት የሚቆሙትን ጎረቤታችንንም ተመልከቱ፤ ከእናቴ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ፤ ከምንጣፋቸው ያለ ድጋፍ ይነሳሉ። ጉልበት የሃይማኖት ልዩነት አያውቅም፤ መውረድንና መነሳትን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ተአምር ሆነ ብዬ አንባቢን አላታልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተከታትሎ ነበር። የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ውስጥ ከመቶ 35.5 ያህሉ ረዘም ያለ መንገድ በእግራቸው የመሄድ ችሎታ አጡ፤ አዘውትረው እየተራመዱ ጉልበታቸውን ከሠሩት ደግሞ ከመቶ 30.1 ያህሉ። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ሰው ነው። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ከአምስቱ አንዷ የእሱ እናት ብትሆን ግን ትንሽ አይለውም። እናቴ ዛሬ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ናት፤ አምሳ ሁለት አልተመለሰችም። አራቱን ሜትር በአምስት ሰከንድ ተኩል ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ድረስ አትሄድም፤ አስፋልቱ ድረስ ግን ብቻዋን ትወጣለች።

ደግሞም ይህ «ቁጭ ይበሉ» የሚሉት በሽታ ጧሪ ያለው ሰው በሽታ ነው። ቁጭ በሉ የሚላቸው ቀርቶ ብሉ የሚላቸው የሌላቸው ሽማግሌዎች በየደጀ ሰላሙ አሉ። እነሱ ከሥራ አልቦዘኑም፤ ቀኑን ሙሉ እየተንከራተቱ ነው። የጎደላቸው ምስሩ ነው። የሥጋ ድህነትና የኪስ ድህነት እዚያ ላይ አንድ ይሆናሉ።

በቤቱ ሽማግሌ ያለው ሰው ግን በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ቢያደርግ ምንም አይከስርም። በሚዛን ይመዝናቸው፤ ካለፈው ዓመት ጋር ያስተያየው። የሚበሉትን አንድ ቀን በደብተር ይጻፈው። ከወንበር ሲነሱም ክንዳቸውን ከመያዙ በፊት ትንሽ ይታገስ። ለሽማግሌ ከመቀመጫ ብድግ ማለት ወጋችን ነው፤ ይኑር። ሽማግሌው በገዛ ጉልበቱ ብድግ እንዲል ማብላትና ማሠራት ደግሞ የዚያው ወግ ሌላው ግማሽ ነው።